ከሲ ወደ ዲ

አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ሱቅ ገብቶ ላፕቶፕ ያስጫነ ሰው ብዙውን ጊዜ ዲስኩን ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚረከበው። ሲ የዊንዶውስ ነው፣ ዲ የባለቤቱ። ይህ ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቶ አያውቅም፤ ሆኖም ወጥተው ከሚያውቁት ከብዙዎቹ ይልቅ ይከበራል። አገሩ የፎርማት አገር ነዋ! ኮምፒውተሩ ዘገየ? ፎርማት ይደረግ። ቫይረስ ገባበት? ፎርማት። ፕሪንተሩ እምቢ አለ? መጀመሪያ ፎርማት ይደረግና ከዚያ እናያለን። ሲ በየጊዜው ይጠረጋል፣ ዲ ግን አይነካም። ስለዚህ ጥንቁቅ ሰው ያለውን ሁሉ ዲ ላይ ያስቀምጣል፤ ቢያንስ ያስቀመጠ ይመስለዋል።

(ኤ እና ቢ የት ገቡ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ያጋጠመው ወላጅ ቢኖር፦ ሁለቱም የፍሎፒ ዲስክ ነበሩ። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1983 ኤክስቲ የተባለውን ኮምፒውተር 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ አስገብቶ ሲያወጣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ተይዘው ስለነበር አዲሱ መጤ ሲን ወሰደ። 10 ሜጋባይት ዛሬ ከሁለት ከሦስት የስልክ ፎቶ በላይ አይችልም። ፍሎፒው ሞቶ ከተቀበረ ቆይቷል፤ ሲ ግን አንድ እርምጃ ወደፊት አልተጠጋም።)

ሕጉ ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛው ዴስክቶፕ ነው። ዴስክቶፕ ዓይን ፊት የተዘረጋ ስለሆነ ማንም ሰው ሲ ውስጥ ነው ብሎ አይጠረጥረውም፤ የፊት ለፊት ነገር እንዴት ውስጥ ይሆናል? ግን ሲ ውስጥ ነው። የልጅ ክርስትና ፎቶም፣ ያልታተመው የመመረቂያ ጽሑፍም፣ «አዲስ ፎልደር 7»ም ከፎርማቱ ጋር አብረው የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ የባሰ ነው፤ ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ናቸው። ኢሜይሉን፣ ቻቱን፣ የሂሳብ መዝገቡን የሚይዘው ፕሮግራም ዳታውን የት ላስቀምጥ ብሎ ባለቤቱን ብዙም አይጠይቅም። ቢጠይቅም ገና በሚጫንበት ሰዓት፣ ጫኙ ልጅ «ኔክስት፣ ኔክስት» እያለ በሚያልፈው ገጽ ላይ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2007ቱ ቪስታ ወዲህ አብዛኛው ዳታ የሚሄደው አፕዳታ ወደሚባል ፎልደር ነው። አፕዳታ በባለቤቱ ስም ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ከባለቤቱ የተሰወረ ነው፤ ያላወቀ እጅ እንዳይበጠብጠው ዊንዶውስ ሆን ብሎ ደብቆታል። «በባለቤቱ ስም» ማለቱም አንዳንዴ አይሠራም። የመጀመሪያው ጫኝ አካውንቱን «ኤችፒ» ወይም «አድሚን» ብሎት ከሆነ፣ ባለቤቱ በኋላ ስሙን ቢያስተካክልም ፎልደሩ የጥንት ስሙን አይለቅም። የአንድ መሥሪያ ቤት ምስጢር ሁሉ ኮምፒውተሩን በሠራው ኩባንያ ስም በሚጠራ ፎልደር ውስጥ ተከማችቶ ይኖራል።

እንግዲህ ሲ ሞልቶ መስመሩ ቀይ ሲሆን፣ ወይም የፎርማት ቀን ሲቆረጥ፣ የማዛወሩ ሥራ ይጀመራል። ነገሩ ከሩቅ ሲታይ ቀላል ነው፦ ከት፣ ፔስት።

ከሁሉ ይልቅ ላብ የሚያስወጣው ፒችትሪ ነው። ፒችትሪ አትላንታ የተወለደ የአሜሪካ የሂሳብ ፕሮግራም ነው፤ ባለቤቱ የሆነው ሴጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከእ.ኤ.አ. 2012 ገደማ ጀምሮ ሴጅ 50 እያለ ይጠራዋል። ይህ የስም ለውጥ ኢትዮጵያ አልደረሰም። ኮሌጁ ፒችትሪ ያስተምራል፣ የሥራ ማስታወቂያው ፒችትሪ የሚችል ይፈልጋል፣ የ2010ሩ ቅጂ ደግሞ ዛሬም በብዙ የሂሳብ ክፍል ከሠራተኛው ቀድሞ ገብቶ ከሠራተኛው በኋላ ይወጣል።

አንድ የሂሳብ ክፍል ኃላፊ እንበል። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ሌጀር በእጅ እየሞሉ ያደጉ፣ አንዲት ሳንቲም ብትጎድል የማያድሩ ሰው ናቸው። የአይቲው ልጅ ኮምፒውተራቸውን ፎርማት ሊያደርግ ይመጣና «ጋሼ፣ ባካፕ አድርገዋል?» ይላቸዋል። «አሳምሬ!» ይላሉ። ዊንዶውስ ይጫናል፣ ፒችትሪ ይጫናል፣ ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው ይከፍቱታል። የሚጠብቃቸው የመሥሪያ ቤታቸው ስም አይደለም፤ ቤልዌዘር ጋርደን ሰፕላይ ነው። ከሱ ሥር ደግሞ ስቶን አርቦር ላንድስኬፒንግ አለ። ፒችትሪ የተማረ ሁሉ ሁለቱን ያውቃቸዋል፤ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጡ የመለማመጃ ኩባንያዎች ናቸው፣ አንዱ የአትክልት ዕቃ ይሸጣል፣ ሌላው ግቢ ያስውባል። ጋሼ ግን ሰኔ ሊያልቅ፣ የበጀት ዓመቱም ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት የአሜሪካ አትክልተኛ ሂሳብ የሚይዙበት ምክንያት አይታያቸውም።

«የኔ ልጅ፣ የታለ ሂሳቤ?»

«ባካፑ የታለ ጋሼ?»

ፍላሹ ከኪስ ይወጣል፣ ይሰካል። ፍላሹ ላይ ያለው የፒችትሪ አይኮን ነው። ከዴስክቶፕ ላይ በራይት ክሊክ ኮፒ የተደረገ፣ ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት ያለበት፣ ክብደቱ 2 ኪሎባይት።

«ጋሼ… ይሄ እኮ ሾርትከት ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ወደ ፕሮግራሙ የሚወስድ ጠቋሚ።»

«ታዲያ ይውሰደና!»

ይህ ስህተት የጋሼ ብቻ አይደለም፤ ወጣቱም ይሠራዋል። አይኮኑን ሁለቴ ሲነኩት ሂሳቡ ይከፈታል፤ ስለዚህ አይኮኑ ሂሳቡ ነው። አመክንዮው ምንም አይወጣለትም፤ ብቻ ፎርማትን አይቋቋምም።

ልጁ ግን ጋሼን የሚያውቅ ልጅ ነው። ፎርማት ከማድረጉ በፊት ሲን እንዳለ ገልብጦ ዲ ላይ አስቀምጦታል፣ ማንንም ሳያማክር። ገብቶ ይፈልጋል። ፒችትሪ ለእያንዳንዱ ኩባንያ አንድ ፎልደር ይከፍታል፤ ስሙም ከኩባንያው ስም ተቆራርጦ የሚወጣ አጭር የፊደል ቅንጥብጣቢ ስለሆነ ባለቤቱ ራሱ አይቶ አያውቀውም። ውስጡ ቻርት፣ ከስተመር፣ ቬንደር እየተባሉ የተሰየሙ፣ ዳት በሚል ቅጥያ የሚያልቁ ብዙ ፋይሎች አሉ። ተገኘ! ልጁ ፎልደሩን ዲ ላይ አዲስ ቦታ ያስቀምጠዋል፤ ጋሼም ፒችትሪን ይከፍታሉ።

ቤልዌዘር ጋርደን ሰፕላይ።

የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ጋ ነው። ፒችትሪ ዲስኩን እየዞረ ጋሼን የሚመስል ሂሳብ አይፈልግም። ፕሮግራምዳታ በሚባል ሌላ ድብቅ ፎልደር ውስጥ ኢኒ የሚል ቅጥያ ያለው ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለው፤ እዚያ ውስጥ «ዳታፓዝ» ከሚል ቃል ጎን አንድ አድራሻ ተጽፏል፤ ፒችትሪ የሚያውቀው ያንን አድራሻ ብቻ ነው። ዳታውን አንስቶ ይህን መስመር ያልነካ ሰው፣ ሰፈር ቀይሮ ለእድሩ ያልተናገረ ሰው ማለት ነው፤ ጡሩምባው የሚነፋው በድሮው በር ላይ ነው። ደግሞም ፒችትሪ ብቻ አይደለም። ዳታ የሚይዝ ፕሮግራም ሁሉ አድራሻውን የጻፈበት አንድ ጥግ አለው፤ ያ ጥግ ዳታው ባለበት ቦታ የሚገኘው እምብዛም ነው። ማዛወር ከት እና ፔስት የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ሙሉ ቀን የሚፈጀውም ለዚሁ ነው።

መስመሩ ተስተካከለ እንበል። አሁን ፒችትሪ ጭራሽ አልነሣም ይላል። ከሥሩ ፐርቬሲቭ የሚባል የዳታቤዝ ሞተር አለ፤ ፋይሎቹን የሚያነበው እሱ ነው፣ ፒችትሪ የፊት ገጽ ነው። ሞተሩ ካልተነሣ ፊትም አይታይም። ዳታው የተቀመጠው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ በኔትወርክ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ሞተሩ መሥራት ያለበት ዳታው ባለበት ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የዚያ ኮምፒውተር ፋየርዎልም በ3351 እና በ1583 ቁጥር በሮች ማሳለፍ አለበት። ጸሐፊዋ ፀረ ቫይረስ በጫነች ማግስት ጋሼ ከሂሳባቸው የሚለያዩት በዚህ መንገድ ነው። ጥፋቱን ግን የሚሸከመው ያለፈው ሳምንት ፎርማት ነው፤ ፎርማት በዚህ አገር ሁሉንም ያድናል፣ በሁሉም ይከሰሳል።

ትክክለኛው መንገድ ከመጀመሪያውም ፒችትሪ ራሱ የሚሠራው ባካፕ ነበር፤ ሁሉንም አሽጎ በአንድ ፋይል ይሰጣል። እሱም ቢሆን ወጥመድ አለው። ሪስቶር ሲደረግ ፕሮግራሙ «በነባሩ ኩባንያ ላይ ነው ወይስ እንደ አዲስ ኩባንያ?» ብሎ ይጠይቃል። «ነባሩ» የሚለው ቃል ሰው ያረጋጋል፤ የተለመደ፣ የታወቀ ነገር ይመስላል። የሚያደርገው ግን ዛሬ ያለውን አጥፍቶ የድሮውን በቦታው መተካት ነው። የግንቦት ባካፕ በሰኔ ሂሳብ ላይ የተመለሰበት ቢሮ ሰኔን እንደገና ይሠራታል።

ቴሌግራም ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ላፕቶፖች ላይ ሲን የሚሞላው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፦ የመጽሐፍ ፒዲኤፍ፣ የፈተና ጥያቄ፣ ፊልም፣ ስብከት፣ ማንም የማይከፍተው የጨረታ ሰነድ። ባለቤቱ ሴቲንግ ገብቶ የዳውንሎድ ቦታውን ወደ ዲ ይቀይርና ተገላገልኩ ብሎ ይተኛል። ጠዋት ሲነሣ ሲ እንደሞላ ነው። ሴቲንጉ የሚያዝዘው ወደፊት የሚመጣውን ብቻ ነው፤ ያለፈው በእጅ ካልተነሣ ካለበት አይነቃነቅም። ከዳውንሎዱ ሌላ ደግሞ አይቶ ያለፋቸውን ፎቶና ቪዲዮዎች ቴሌግራም ለራሱ ያስቀራል፤ ይህን ጓዳ ቲዳታ በሚባል ፎልደር ውስጥ አፕዳታ ሥር ይዞታል። መጠኑን መገደብና ማጽዳት የሚቻለው ከፕሮግራሙ ሴቲንግ ነው።

ቲዳታን ወደ ሌላ ኮምፒውተር የገለበጠ ሰው ግን ደስ የሚል ነገር ይገጥመዋል። ቴሌግራም ስልክ ቁጥር አይጠይቅም፣ ኮድ አይልክም፤ አካውንቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ትንሽ ቆይቶ ደስታው ይቀዘቅዛል። ለባለቤቱ እንዲህ ከተከፈተ፣ ፎልደሩን በፍላሽ ይዞ ለሄደ ለማንም ይከፈታላ! የይለፍ ቃል የሚሰርቁ ቫይረሶች ከሚያድኗቸው ፎልደሮች አንዱ ቲዳታ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ፕሮግራሙ ላይ የፓስኮድ መቆለፊያ ያደረገ ሰው ይሻላል፤ ዳታው በዚያ ኮድ ስለሚመሰጠር ፎልደሩ ብቻውን አያስገባም። ሲቪ ለማተም ተብሎ በየማተሚያ ቤቱ የሚሰካ ፍላሽ ላይ የቴሌግራም ባካፕ ይዞ መዞር ግን ድፍረት ነው።

ስለ ፍላሽ ከተነሣ፣ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ኢሜይሉን በተንደርበርድ የሚያነብ ሰው ወደ አዲስ ኮምፒውተር ሊዛወር 16 ጊጋባይት ባዶ ፍላሽ ገዝቶ ይመጣል። ተንደርበርድ በተለመደው አሠራሩ የኢንቦክስን መልእክት ሁሉ በአንድ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው፤ የዚህ ሰው ኢንቦክስ 5 ጊጋ ደርሷል። ዊንዶውስ «ፋይሉ ትልቅ ነው፣ አይገባም» ይለዋል። ባዶ 16 ውስጥ 5 የማይገባበትን ሂሳብ ማንም አስተማሪ አላስተማረውምና ሰውየው ፍላሹን ወደ ሱቁ ይመልሳል፣ «ኦሪጂናል አይደለም» ብሎ። ፍላሹ ጤነኛ ነው። ፋት 32 በሚባለው አሠራር ስለተዘጋጀ አንድ ፋይል ከ4,294,967,295 ባይት እንዲበልጥ አይፈቅድም፤ ጠቅላላ ቦታው ቢትረፈረፍም። በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ቢደረግ (ይኸው እንደገና ፎርማት!) ይገባል። ሌላም መንገድ አለ፦ ተንደርበርድ ውስጥ የተደመሰሰ መልእክት ከዓይን ይጠፋል እንጂ «ኮምፓክት» እስኪደረግ ድረስ ከፋይሉ አይወጣም። የስንት ዓመት የሎተሪ ደረሰዎት ማስታወቂያ እዚያ ታጭቆ ሊሆን ይችላል።

አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ተንደርበርድ ሰውየውን አይቶት እንደማያውቅ «እንኳን ደህና መጡ፣ አካውንት ይክፈቱ» ቢለው አይደንገጥ። ፕሮፋይልስ በሚባል ኢኒ ፋይል ውስጥ የተጻፈው አድራሻ ገና ባዶውን ፕሮፋይል ስለሚያሳይ ነው። የይለፍ ቃሎቹ ሁለት ፋይል ላይ ተከፍለው እንደሚቀመጡም ይወቅ፤ አንዱ የተመሰጠረውን ቃል፣ ሌላው መፍቻ ቁልፉን ይዟል። አንዱን ብቻ ያመጣ ምንም አላመጣም።

የአንዲት የድህረ ምረቃ ተማሪ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ እሷ መመሪያ ታነባለች። የጥናት ጽሑፎቿን የምትይዘው በዞተሮ ነው፤ በአሜሪካ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ ማጣቀሻ የሚሰበስብ ነፃ ፕሮግራም። ዞተሮ የዳታ ፎልደሩን ቦታ ለመቀየር ሴቲንግ ላይ በይፋ ቁልፍ አለው፣ አድራሻውን አይደብቅም። ተማሪዋ ዲ ላይ ባዶ ፎልደር ከፍታ ትመርጣለች። ፕሮግራሙ ፎልደሩ ባዶ እንደሆነ፣ ፋይሎቹን ራሷ ማምጣት እንዳለባት የሚነግር ጽሑፍ ያወጣል፤ እሷም እንደማንኛውም ሰው «እሺ» ብላ ታልፋለች። ዞተሮ ተዘግቶ ሲከፈት አንድም ጽሑፍ የለም። የሁለት ዓመት ንባብ በአንድ «እሺ» ጠፋ! አልጠፋም፤ ድሮ የነበረበት ሲ ላይ ነው። ቁልፉ አድራሻ ይቀይራል እንጂ ጓዝ አያነሣም።

ጓዙን ስታነሣም ሌላ ጥያቄ አለ፤ የትኛውን? ዞተሮ ፒዲኤፎቹን «ስቶሬጅ» በሚል ፎልደር ውስጥ፣ እያንዳንዱን ስምንት ፊደልና ቁጥር በተደባለቀበት ትንሽ ፎልደር ያኖራል። ያንን ብቻ የወሰደ ሰው ፒዲኤፎቹን ወስዶ ዝርዝሩን ትቷል። ደራሲው፣ ዓመቱ፣ ማስታወሻው ሁሉ ያለው ከጎኑ በተቀመጠው የኤስኪውላይት ፋይል ውስጥ ነው።

ኤስኪውላይት የሚናቅ ነገር አይደለም። ሪቻርድ ሂፕ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2000 የሠራው ዳታቤዝ ነው፤ የተጸነሰው ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መርከብ በሚሠራ ሶፍትዌር ምክንያት ሲሆን፣ ዛሬ በየስልኩና በየብራውዘሩ ውስጥ አለ። የጦር መርከብ ዘር ይሁን እንጂ በሥራ መሐል ከተገለበጠ ይጎዳል። ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ከፋይሉ ጎን «ጆርናል» ወይም «ዋል» የሚል ቅጥያ ያላት ትንሽ ፋይል ብቅ ትላለች፤ ገና ያልተጠናቀቀው ጽሕፈት እሷ ላይ ነው። «ይቺ ምንድናት?» ብሎ ትቷት ዋናውን ብቻ የወሰደ ሰው የቅርቡን ሥራ ወይም መላውን ፋይል ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፕሮግራሙ ይዘጋል። የዞተሮ ሠሪዎች የዳታ ፎልደሩን ዋንድራይቭን በመሰለ በራሱ ከኢንተርኔት ጋር በሚመሳሰል ፎልደር ውስጥ አታስቀምጡ ብለው አጥብቀው የሚያስጠነቅቁትም ለዚሁ ነው፤ ያኛው ፕሮግራም ፋይሉ እየተጻፈበት ሳለ ይጎትተዋል።

መብራትም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ከሲ ወደ ዲ «ከት» የተደረገ ፎልደር በአንዴ አይሄድም፤ ዊንዶውስ ይገለብጣል፣ ከዚያ ከድሮው ቦታ ያጠፋል። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ሊቀር ይችላል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ሰው «ከት»ን የማይነካው፦ ኮፒ ያደርጋል፣ አዲሱ ቦታ መሥራቱን ያያል፣ የድሮውን ፎልደር «አሮጌ» ብሎ ስሙን ይቀይረዋል፣ ቆይቶ ያጠፋዋል። ማጥፋቱን በተግባር የፈጸመው ግን ጥቂት ነው፤ ዲ ላይ «አሮጌ»፣ «አሮጌ 2» እና «አሮጌ የመጨረሻ» ጎን ለጎን ተኝተው ይታያሉ።

የተማሪዋ ታናሽ ወንድም ሶፍትዌር ያጠናል፤ እንዲህ ያለ ልፋት አይመጥነውም። የዊንዶውስን ጥቁር ስክሪን ይከፍትና ኤምኬሊንክ በሚባል ትእዛዝ መጋጠሚያ ይሠራላታል። ዳታው ዲ ላይ ይቀመጣል፤ ሲ ላይ በድሮው ቦታ ደግሞ ፎልደር የሚመስል በር ይቀራል፣ በሩን የከፈተ ሁሉ ዲ ላይ ይወጣል። ፕሮግራሙ አድራሻዬ አልተቀየረም ብሎ ሥራውን ይቀጥላል፤ ኢኒ የለ፣ ሴቲንግ የለ። ብልሃቱ ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ የነበረ ነው፣ ደግሞም ያምራል። አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ ውስጥ ገብቶ ለሚያይ ሰው በሩ እውነተኛ ፎልደር ይመስላል፣ ፋይሎቹም ሁለት ቦታ ያሉ ይመስላሉ።

ቅዳሜ ማታ ስልክ ትደውልለታለች።

«ማሙሽ፣ ሲ ላይ ቦታ የሚያጣብበውን አገኘሁት እኮ! ያ ዲ ላይ ያዛወርክልኝ ፎልደር ሲ ላይም ደግሞ ነበረ። ገብቼ ውስጡን በሙሉ ሴሌክት አድርጌ አጠፋሁት።»

«ቆይ ቆይ… ምኑን ነው ያጠፋሽው? እሱ እኮ ያው አንድ ነው! በቃ አትንኪው፣ ሪሳይክል ቢን ውስጥ አለ፣ አሁን መጣሁ።»

«ሪሳይክል ቢኑንም አጸዳሁት፤ ቦታ ይዟል ብዬ።»